ለእንግዳ የተቀቀለ ንፍሮ

ዩኒቨርሲቲ የምማረው ስለ ምሥራቅ አውሮፓ ነበር፤ ታሪካቸውን፣ ባህላቸውን፣ ፖለቲካቸውን። ወንዞቻቸውን ከነገባሮቻቸው፣ የፓርቲ ጉባኤዎቻቸውን ከነዓመተ ምሕረታቸው ሸምድጃለሁ። ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው እንኳ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። መምህራችን እዚያ ለማኝ የለም፣ የምታለቅስ እናት የለችም እያለ ሲያስጽፈን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ወደ ልደታ፣ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ግን እናቴ ስታለቅስ አገኛታለሁ። ነገሩ እያደር ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

እናቴ ደሚቱ የምታለቅሰው ለታላቅ ወንድሜ ለኦልጅራ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። እሷም ለልደታ ተሳለች፦ ድምፁን ካሰማሽኝ በየዓመቱ በግንቦት ልደታ ለሰፈሩ ንፍሮ አበላለሁ አለች። ስለቷ ሳይሰምርላት ማብላቱን ጀመረች። ለምን ብላት፣ "እንዳትረሳኝ ብዬ ነዋ" አለችኝ።

በሰባ ስምንት፣ በግንቦት ልደታ ጠዋት፣ ጎረቤቶቻችን እንደ ልማዱ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ አዋጥተው ከእናቴ ጋር በራችን ላይ ጣዱ። የልደታ ንፍሮ ደጅ ነው የሚበላው፤ ቤት ውስጥ አይሆንም። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘነበ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

"ማነው ይሄን የጣደው? ዛሬ እኮ ከወዳጅ አገር እንግዳ ትመጣብናለች! አድኃሪዎች ናቸው ትበለን?"

"ዘነበ ልጄ፣ ስለት እኮ ነው" አለችው እናቴ።

ይህ ዘነበ እዚሁ ሰፈር ተወልዶ፣ ከጎረቤት ድስት ንፍሮ እየዘገነ ያደገ ሰው ነው። ድስቱን በቡት ጫማው ገፋው። ንፍሮው ቦይ ውስጥ ተደፋ፤ እሳቱንም ውሃ ቸለሱበት። ሴቶቹ ተበተኑ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጭቃ ያልነካውን ትለቅም ጀመር። እኔም ጠመንጃቸውን አይቼ አጠገቧ አጎነበስኩ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳዋ መጣች። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች፣ ጸጉሯ የሸበተ ፕሮፌሰር ናት፤ ለሜይ ዴይ በዓል ከልዑካን ጋር መጥታ እሷ ቀርታለች። ዘነበ አስጠራኝና "የነሱን አገር የተማርከው አንተ ነህ፤ አስተርጉም" አለኝ። መዋዕለ ሕፃናቱን አሳየናት፤ የቀበሌውን ሱቅ አሳየናት። ሴትዮዋ አዛጋች። ኋላ በእንግሊዝኛ፣ የምታጠናው የአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦችን ባህል እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ እነሱን ስሸመድድ እሷ ለካ እኛን ስትሸመድድ ኖራለች።

"የመጣሁት ለዚህ አይደለም" አለች። "ዛሬ ግንቦት አንድ ነው። ሰዉ ደጅ ወጥቶ እህል ቀቅሎ የሚበላበትን በዓል ነው ማየት የምፈልገው። የት ነው?"

ለዘነበ ተረጎምኩለት። ፊቱ መጀመሪያ ክው አለ፤ ከዚያ እንደ እስስት ተለወጠ።

"አለ እንጂ! የሰፊው ሕዝብ ባህል አይደለም እንዴ!"

ወዲያው ከቀበሌው ሱቅ እህል ወጣ፤ እሳት ነደደ። እናቴ ግን አልመጣም አለች። "የስለት ንፍሮ በትእዛዝ አይቀቀልም" ብላ በሯን ዘጋች። ዘነበ ራሱ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

"እማማ ደሚቱ፣ ከድስቱ አጠገብ ብቻ ይቀመጡልን። የኦልጅራን ነገር እኔ ራሴ ከበላይ አካል አስጠይቅልዎታለሁ።"

እናቴ የልጇን ስም ስትሰማ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። ለበግ ሣር እያሳዩ እንደሚጎትቱት፣ የልጇን ስም እያሳየ ጎትቶ አወጣት።

ጠዋት የተባረሩት ጎረቤቶች በሙሉ ተለቅመው መጡ። እንግዳዋ ቸኩላለችና ንፍሮው ሳይበስል ብሉ ተባሉ፤ ጥሬውን ቆረጠሙ። አንዱ አብዮት ጠባቂ እየዞረ "ፈገግ በሉ!" ይላል። ቦዩ ውስጥ የጠዋቱ ስንዴ አብጦ ይታያል፤ ሴትዮዋ እሱን ተራምዳ ፎቶግራፍ ታነሳለች። ሁሉም አስጠላኝ፤ ዘነበም፣ ሴትዮዋም፣ የምማረው ትምህርትም።

እናቴ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

"ሞቱማ፣ ለጦሩ መሣሪያ የሚልኩት የዚህች ሴት አገር ሰዎች አይደሉ? እዚያ ግንባር ሰው አላቸው ይባላል። ልጄን ያየ ካለ ጠይቅልኝ። ኦልጅራ ይባላል፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው በላት።"

ዘነበ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ስለ ባህሉ ብቻ!" አለ በጥርሱ።

እኔ ግን አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት፤ ስሙንም፣ ቁመቱንም፣ ጠባሳውንም። ሴትዮዋ እናቴን እያየች ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ስጨርስ ብዕሯን አወጣች፤ የወንድሜን ስም ልትጽፍ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

"ምን አለችህ?" አለች እናቴ። ዓይኗን ከሴትዮዋ ፊት አልነቀለችም።

"ባቄላው ከስንዴው ጋር አብሮ ነው የሚጣደው ወይስ ይቀድማል? ነው የምትለው።"

ሴትዮዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

"ባቄላው ይቀድማል በላት" አለች እናቴ። "አልገባት ይሆናልና፣ ከዚያ ስለ ልጄ እንደገና ጠይቅልኝ።"