የስማችን ኪራይ

በ2007 ክረምት ዝናቡ በሐምሌ አጋማሽ ቆመ። ተራራው ላይ፣ በጊች መንደር፣ ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። በጥቅምት ጭድ ተወደደ፤ በኅዳር በግ በዶሮ ዋጋ ሄደ። ላሙን ሸጦ ባዶ ገመድ ይዞ የሚመለስን ሰው ማንም አያናግረውም ነበር። ታኅሣሥ ላይ የሚበላ የቀረው በቅሎ ያለው ብቻ ነው።

በቅሎ የሚያበላው ተራራውን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ ነው። እንግዳው የሚመጣው ደግሞ በስማችን ነው። ስማችን ስል ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ፈረንጁ አገሩ ተቀምጦ ያንን ስም ሲጽፍ የደባርቅ በቅሎ አከራዮች ገጽ ይከፈትለታል፤ የሚመጣበትን ቀንና የሚፈልገውን በቅሎ ልክ ይጽፍልናል። አርባ አንድ አባወራ ነን። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ።

ስሙ ኪራይ ነው። እኛ በቅሎ እንደምናከራይ ስም የሚያከራይ ኩባንያ ባሕር ማዶ አለ። አንድ የሆላንድ እንግዳ ስሙን ተከራይቶ፣ የብዙ ዓመት ከፍሎ ሰጠን። ወረቀቱን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። ከታች 2016 ይላል። እኛ 2008 ላይ ነን። ስብሰባ ላይ «ስምንት ዓመት አለን» እላለሁ፤ ይጨበጨባል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እስከዳር አስጠራችኝ። ኢንተርኔት ቤቱ የእሷ ነው፤ ለእንግዶቹ መልስ የምትጽፍልንም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ገጹ አይከፈትም» አለች። «ወረቀቱ እስከ መቼ ይላል?»

«እስከ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።»

«በማን?»

«እንዴት በማን?»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በፈረንጅ 2016 ከገባ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ኪራዩ አልቋል። ኩባንያው ማስጠንቀቂያውን ለሆላንዱ ሰውዬ ሲልክ ከርሟል። ሰውዬው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

እስከዳር ለኩባንያው ጻፈች። ማክሰኞ ጠዋት መልሱ መጣ፤ አነበበችልኝ። የስሙ ጊዜ አልፏል። እስከ ዓርብ በካርድ ከተከፈለ ይመለሳል። ከዓርብ በኋላ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ይሰጣል።

«ገብሱ እንዳልያዘልን ንገሪው» አልኳት። «የቀን ስሕተት ነው በይው።»

«ማንን?»

«የጻፈልሽን ሰውዬ።»

«ሰው አይደለም ጋሼ። የሚመልሰው ማሽን ነው።»

ባንክ ሄድን። የእኛ ካርድ ከአገር ውጭ አይከፍልም አሉን። ስመለስ አባላቱ ቢሮው ፊት ቆመዋል። አለምነህ ባለ ሦስት በቅሎ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«አያ ቢራራ፣ ስምንቱ ዓመት በአንድ ወር አለቀ? በዚህ አቆጣጠርህ የኔስ ዕድሜ ስንት ቀረው?»

ጥቂቶች ሳቁ። ታንጉት አልሳቀችም። ባሏ የሞተባት ናት፤ አንድ በቅሎና አራት ልጆች አሏት።

«ዓርብ ካለፈስ?» አለችኝ።

ከአገር ውጭ የሚከፍል ካርድ ማን እንዳለው ማሰብ ጀመርኩ።

ካርድ ያለው ዳባት የሚኖረው ይግዛው ብቻ ነው። ዱባይ ሠርቶ ሲመለስ ይዞት መጣ። እሱም እንደኛው እንግዳ ወደ ተራራው ያወጣል። ስማችን እጁ ከገባ እንግዳችንም የእሱ ነው። ካልነገርኩት የሚከፍልልን የለም፤ ከነገርኩት ስሙ ሜዳ ላይ መውደቁን ያውቃል።

ሌላም ነገር ነበር። በ1990 ይግዛው ገና ወጣት አስጎብኚ ሳለ ጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ውርጩ ሳይለቅ አትውረድ አልኩት። በቅሎዬን ይዞ ወረደ፤ ገደል ገባች። በቄስ መልከ ጼዴቅ ፊት «በቅሎህን እተካለሁ» ብሎ ማለ። አልተካም። እኔም አልጠየቅኩት። መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲያፍረኝ የኖረ ሰው፣ ሲመቸው ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም።

ረቡዕን ሌላ ሰው ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁም። ሐሙስ በጠዋት በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። አባላቱ ያዋጡትን ብር ጋቢዬ ውስጥ ቋጥሬ ይዣለሁ።

ቢሮው ስገባ ይግዛው አይቶኝ ከወንበሩ ተነሣ። የሚሻገርበት ማዶ አልነበረውም። ሁሉንም ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ብዙ አነበበ።

«ወድቋል» አለ። «ሁለት ዓመት ስጠብቀው ነበር ጋሽ ቢራራ። እነሱ ከለቀቁት ለእኔ ይሁን ብዬ ኩባንያው ጋ ተመዝግቤያለሁ። ነገ ዝም ብዬ ብተኛ ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ነው።»

ታንጉት ትዝ አለችኝ።

«ይህን እያወቁ ነው የመጡት?»

«አላወቅኩም። ባውቅም እመጣ ነበር። ካርድ ያለው ሌላ የለም።»

ስልኩን አነሣ። ከዚያ እስከዳር ጋ ደወለ፤ የይለፍ ቃሉን ነገረችው። መጻፍ ጀመረ። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አላነሣሁም። የፈረንጅ ፊደል ብዙ አላውቅም። የይግዛው ስም ጭድ የምናነሣበት መንሽ በሚመስል ፊደል እንደሚጀምር ግን አውቃለሁ፤ መኪናው ላይ ተጽፏል።

መንሹ ወጣ። እጁን ያዝኩት።

«የማንን ስም ነው የምትጽፈው?»

«የከፋዩን። ካርዱ የእኔ ነው፤ የእርስዎን ብጽፍ አይቀበልም።»

«ባለቤቱስ?»

«ይልቀቁኝ እንጂ። ከዘገየ ይዘጋል።»

አልለቀቅኩም። በሌላው እጁ ስልኩን ሰጠኝ። «እስከዳርን ይጠይቋት። እሷም እዚያ ሆና እያየችው ነው።»

«ባለቤቱ ማኅበሩ ነው ይላል ጋሼ» አለች እስከዳር። «አልተነካም።»

ለቀቅኩት። ቁልፉን ተጫነው። መስኮቱ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። መብራት ቢጠፋስ እያልኩ አምፖሉን አየሁ፤ እሱም አየ። ክቧ ብዙ ዞረች።

«ተከፈተ» የሚል የእስከዳር ድምፅ ከስልኩ መጣ። ከኋላዋ ሰው ሲንጫጫ ይሰማል።

ብሩን ከጋቢዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይግዛው አልነካውም።

«ስንት ፈጀ?» አልኩት።

«የአሥር ዓመቱን ነው የከፈልኩት» አለ፤ ቀና ሳይል። «አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋ ይሆናል። ብሩን ይመልሱላቸው።»

ቆይቼ ገባኝ። ብሩን መልሼ ቋጠርኩት።

«ቄስ መልከ ጼዴቅ በሕይወት አሉ» አልኩት። «ዛሬውኑ ሄጄ ይግዛው በቅሎዬን ተክቷል እላቸዋለሁ።»