ለልጄ የጋገርኩት የገብስ ዳቦ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም የሰደበኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር፣ እሁድ ቀን፣ ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ቦታው እናታቸው ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ። ለእሱ የራስጌውን ወንበር ሰጥተውታል፤ ለእኔ ከበሩ አጠገብ ያለችውን፣ አንድ እግሯ የሚወላገደውን። ከእህቱ ጋር የምንገባበትን ቤት የኪራይ ውል ይዤ ነበርና ደስ ብሎኝ ከኪሴ አወጣሁት። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ሳልጨርስ ከእጄ መንጭቆ ወሰደውና፣ «አምጣ እኔ ላንብብልህ፤ ይሄ እንደ ሊጥ በመዳሰስ አይታወቅም» አለ።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እናቱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። የእኔዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ሳህኗ ላይ አፈጠጠች። አልሳቀችም፤ ግን «ተው» አላለችውም። ያንን «ተው» እስከ ዛሬ እየጠበቅኩት ነው።

ማንበብ እችላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ጣቴን ከቃሉ ስር እያስኬድኩ፣ ሰው ካላየኝ ደግሞ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። እሱ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሽንት በብልቃጥ ሲቀበል ይውላል፤ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ግን ዓለምን የፈጠረ ይመስለዋል። ይህን የምለው ቂሜን ላራግብ ብዬ አይደለም። ልጄ ላይ የደረሰው ከዚያ ጠረጴዛ ስለሚጀምር ነው።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልጃችን አንድ ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። ሲወለድ ቡጢውን ጨብጦ ስለወጣ «ጉልቤ» አልነው፤ በዚያው ቀረ። እስከ ስምንት ወሩ ድረስ ስሙን የሚመስል ልጅ ነበር። ጥርስ ማብቀል ሲጀምር ከሥራ ስመለስ የዳቦ ጠርዝ እያመጣሁ አስያዝኩት፤ ያኝካል፣ ይመጠምጣል፣ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ሆዱ ተበላሸ። በቀን አምስቴ ስድስቴ ያስቀምጠዋል፤ የሚወጣው የገረጣ፣ ቅባት የያዘ፣ ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ እጅና እግሩ ግን ቀጨጨ። ጥርስ ነው ተባለ። ብርድ ነው ተባለ። ወስፋት ነው ተብሎ መድኃኒት ዋጠ። ወተት አልተስማማውም ተብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወተት ቤታችን አልገባም። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሚዛን ላይ ባወጣነው ቁጥር ነርሷ ኪሎውን ጽፋ ዝም ትላለች፤ እኔ ከኪሎው ይልቅ ዝምታዋን ፈራሁ።

በመጨረሻ ዶክተሯ ደም አስወሰደችለት። የዚያን ቀን ሚስቴ ልጁን ስታለባብስ እኔ ብቻዬን ገባሁ።

«ስንዴ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ» አለች። «አንዳንድ ልጅ አንጀቱ ስንዴን አይችለውም፤ በበላ ቁጥር አንጀቱ ይቆስላል፤ የበላው ሰውነቱ ላይ አይውልም። ውጤቱ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ደሙን ስለወሰድን ግን ከዛሬ ጀምሮ አይቅመስ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት አዘኔታ መሰለኝ፤ አዘኔታ ደግሞ አልወድም። ምናልባት ድካም ብቻ ይሆናል።

«እንግዲያው ልንገርዎት፣ ስንዴ ብቻ ሳይሆን…»

«ዶክተር፣ ስንዴን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳት። «ሃያ ሁለት ዓመት በእጄ አልፏል።»

ፈገግ አለች። ወዲያው ነርሷ በሩን ከፍታ ለሌላ በሽተኛ በጥድፊያ ጠራቻት። ዶክተሯ እየተነሳች አንድ ወረቀት ሰጠችኝና፣ «ሁሉም እዚህ ላይ አለ፤ በደንብ ያንብቡት። ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ» ብላ ወጣች።

ያልገባዎት! እሷ ለሁሉም የምትለው ይሆናል። እኔ ግን ጆሮዬ የሰማው የዚያን የእሁዱን ሳቅ ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ የሥራ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሚስቴ መተላለፊያው ላይ ልጁን አዝላ ቆማለች።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ስንዴ አይብላ ይላል።»

«ለዚህ ነው ገጽ ሙሉ የጻፉት?»

«ሐኪም መች ባጭሩ ይናገራል!»

«አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ለማንኛውም ለጋሼ እናሳየው እንዴ? እሱ እኮ ላቦራቶሪ…»

«የልጄን ወረቀት እኔ አነበዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን። እሷ የልጁን ማዘያ ጠበቅ አደረገች።

በማግስቱ ገብስ ገዝቼ አስፈጨሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው። ስንዴ ከቀረ ገብስ አለ፤ ገብስ አጥንት ይጠግናል ሲባል ነው ያደግኩት። እኩለ ቀን ላይ የሽያጩ ዳቦ ወጥቶ ሲያልቅ፣ የማቡኪያውን ገንዳ በሙቅ ውሃ አጥቤ ለብቻው አቦካሁለት። ገብስ አይነሳም፤ ድፍን ብሎ ይቀራል። ቢሆንም መዳፍ የምታክል፣ ጠርዟ የቡና ቀለም ያላት ዳቦ አወጣሁ። ምድጃው ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ በየቀኑ፣ «የጌታው ዳቦ ወጣ! መንገድ ልቀቁ!» እያለ ይቀልድብኛል። ልጄ ደግሞ ወደደው። ከበር ስገባ በዳዴም በሩጫም እየመጣ ኪሴን ይጎረጉራል። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ሲበላ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ይኸው፣ ያለ ማንም አንባቢ ልጄን አዳንኩት እላለሁ በሆዴ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት የተሻለው መስሎን ነበር። በሰባተኛው ቀን ወደ በሩ መምጣት ተወ። በዘጠነኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። በአሥረኛው ዳቦውን አፉ ውስጥ ይዞ መዋጥ አቃተው፤ እኔ ነኝ በጣቴ ያወጣሁለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ልብሱን ስቀይርለት የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አደረግኩት።

ደህና ሊጥ በጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጊዜው ያለፈበት ሊጥ ግን የጣትህን ጉድጓድ እንደያዘ ይቀራል፤ ያኔ ሞቷል እንላለን፤ ምንም ብታደርገው ዳቦ አይሆንም። የልጄ ቆዳ አልተመለሰም። እንደቆነጠጥኩት ቆሞ ቀረ።

«ተነሽ!» ብዬ ጮህኩ። ጃኬቴን ደርቤ፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሮጥን። መኪና ውስጥ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ነበር፤ እኔን ይይ፣ ጣራውን ይይ አላውቅም። እናቱ ስሙን ደጋግማ ትጠራለች። እኔ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እቆጥራለሁ፤ አንዱ ትንፋሽ ሲዘገይ የእኔም አብሮ ይቆማል።

ሆስፒታል የደም ሥሩን ለማግኘት አራት ጊዜ ወጉት፤ በሁለቱም እጅ፣ ከዚያ በእግሩ፣ በመጨረሻ በጭንቅላቱ። አላለቀሰም። ሌላ ጊዜ መርፌ ሲያይ ሰፈር የሚያናውጥ ልጅ፣ አራት ጊዜ ተወግቶ አላለቀሰም። አልቅስ፣ አልኩት በሆዴ፤ አልቅስ፣ ስደበኝ፣ ምታኝ።

የሚስቴ ወንድም ከላቦራቶሪው እየሮጠ መጣ። የሚሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እኔን ሰላም ሳይል እህቱን አቀፋት።

ዶክተሯ የልጁን ዓይን፣ ምላስ፣ ሆድ አየችና ሦስታችንን ወደ ጠባቧ ቢሮዋ አስገባችን።

«ስንዴ ካቆመ ስንት ቀን ሆነው?»

«ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ» አለች ሚስቴ። «ፍርፋሪ አልቀመሰም፣ ዶክተር። በልጄ ይሁንብኝ!»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «እንግዲህ ስንዴ ትቶ እንዲህ ከባሰበት ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። መጠበቅ አንችልም። ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዶ፣ በማደንዘዣ አስተኝተው ውስጡን ማየት አለባቸው። አልደብቃችሁም፤ በዚህ አቅሙ ማደንዘዣው ራሱ አደገኛ ነው። ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ አባቱ ይፈርማሉ።»

ፎርሙን ወደ እኔ ገፋችው። የሚስቴ ወንድም እጁን ዘረጋ፤ «አምጪው፣ እኔ ላንብበው።»

እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጣቴ ያገኘው ያንን አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ነው። «ላንዳፍታ» ብዬ ወጣሁ።

መተላለፊያው ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዘረጋሁት። ጣቴን ከቃሉ ስር አስኬድኩ። «ልጁ ፈጽሞ መብላት የሌለበት። አንደኛ፣ ስንዴ። ሁለተኛ፣ ገብስ።»

ሁለተኛው መስመር ላይ። ታች እንኳ አይደለም፤ ሁለተኛው።

እንደገና አነበብኩት፤ ገብስ ሌላ ነገር የሚሆን ይመስል። ታች ደግሞ፣ «ስንዴ በነካው ጠረጴዛ፣ ገንዳ ወይም ዕቃ የተዘጋጀ ምግብም ያው ነው» ይላል። ያኔ ሌላው ታየኝ። ገንዳውን አጥቤያለሁ። ጠረጴዛውን ግን? ሊጥ እንዳይጣበቅ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት እበትናለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እጄ ሳያስፈቅደኝ የሚሠራው ነው። የልጄን የገብስ ሊጥ ሳድቦለብል በየቀኑ የስንዴ ዱቄት በትኜበታለሁ። በእጄ። እያፏጨሁ።

አንድ ነገር ልናገር፤ ማንም ስለማያውቅ ልተወው እችል ነበር። እዚያ ግድግዳ ስር ሆኜ አሰብኩ። ዝም ብዬ ብፈርምስ? ገብሱን ብቻ ባስቀርስ? ውስጥ ያ ሰውዬ ቆሟል። የማወራውን ሰምቶ የሚስቀው ሳቅ ከአሁኑ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በመወልወያዋ እግሬን ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይለፉ» ስትለኝ ነቃሁ። ዶክተሯ ማደንዘዣ ብላለች። ላይነቃ ይችላል ብላለች። እኔ ባበላሁት ነገር፣ በሌለ በሽታ ልጄን ሊያስተኙት ነው።

ገባሁ። ወረቀቱን ፎርሙ ላይ አስቀመጥኩት።

«ዶክተር፣ አላነበብኩትም ነበር» አልኩ። «የገብስ ዳቦ እየጋገርኩ አበላው ነበር። የስንዴ ዱቄት በነካው ጠረጴዛ ላይ።»

ሚስቴ ቀስ ብላ ዞረችብኝ።

ዶክተሯ ተቀመጠች። «በቀን ስንት?»

«ሁለት። ትንንሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ትናንት ወዲያ። ከዚያ ወዲህ መዋጥ አቃተው።»

ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችና ገልብጣ አስቀመጠችው። «መናገርዎ ጥሩ ነው» አለች። «እንግዲያው ስንዴውን አልተወም ነበር ማለት ነው። ማደንዘዣው ይቆይ። የደሙን ውጤት ዛሬውኑ አስቸኩላለሁ። እስከዚያ በደም ሥሩ ፈሳሽ እንሰጠዋለን፤ ማስመለሱ ሲቆምለት ትንሽ ትንሽ የሩዝ ውሃ። ግን ድኗል አልልዎትም። በጣም ደክሟል። እስከ ነገ ድረስ ምንም ማለት አልችልም።» ከዚያ ዓይኗ እጅጌዬ ላይ አረፈ። ስፌቱ ውስጥ ዱቄት አለ፤ ሁልጊዜም አለ። «እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ በዚህ ልብስ አይቀፉት።»

ስድብ አይደለም፤ አውቃለሁ። ከስድብ ሁሉ ግን ያ ባሰብኝ።

መተላለፊያው ላይ ሚስቴ በቀስታ፣ «አንብቤዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች። ወደ ልጇ ገባች።

ወንድሟ በሩን ዘግቶ ፊቴ ቆመ። ጠብቄዋለሁ።

«ሁለት መስመር!» አለ ጣቱን ፊቴ ላይ ቀስሮ። «ሁለት መስመር ማንበብ አቅቶህ ልጁን ልትጨርሰው! ለእኔ ብታመጣው ምን ይቀንስብሃል? ኩራት ነው? ንገረኛ፣ አንተ በምንህ ነው የምትኮራው?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን አስግገዋል። መልሱ ነበረኝ። ሁለት ጊዜ የሐኪምነት ፈተና መውደቁን አውቃለሁ፤ የዚያን ዕለት እንደ ሴት ልጅ ተደፍቶ ማልቀሱንም እህቱ ነግራኛለች። ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አቡክቼው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከበሩ ኋላ ልጄ አለቀሰ። ቀጭን፣ የድመት ግልገል የምታህል ድምፅ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

«ምነው ዝም አልክ? እያናገርኩህ እኮ ነው!»

ጃኬቴን አወለቅኩ። በዱቄት የተበከለውን ውጩን ወደ ውስጥ ጠቀለልኩት። የእጅ መታጠቢያው መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ነው።

«ወዴት ነው? አንተ ሰውዬ!»

ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ቧንቧው ሄድኩ።