ከኋላ የሚቀመጥ ሰው

የሚስቴን ታናሽ ወንድም «ቶን» ነው የምንለው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። መጋዘናችን ውስጥ ዕቃ ከልክ በላይ ከብዶ እኔ የምነዳው የዕቃ ማንሻ ማሽን፣ ፎርክሊፍቱ፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሣ ጭነቱን የሚቀንስ የለም፤ አንድ ከባድ ሰው ከኋላ ይቀመጥበታል። አደገኛ ነው የሚለን ሰው ሲመጣ እንስቅበት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እዚያው አብሮኝ የሚሠራውን ቶንን ከኋላ እንዲቀመጥ የጠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ እየነዳሁ ሳለ ሳጥኑ ከማሽኑ ማንሻ ሹካ ተንሸራተተ፤ የማሽኑ ኋላ መሬቱን ሲመታ ቶን ተወርውሮ እግሩ ጎማው ሥር ገባ። አለቃችን ማን እንዳስቀመጠው ሲጠይቀኝ ምላሴ ቀደመኝ፤ ሳላየው ነው ከኋላ የወጣው አልኩት። የአራት ልጆች አባት ነኝ፣ ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይላሉ፤ እኔ ግን ለእናቴም የምበጅ አልሆንኩም።

ዛሬ ሁላችንንም ለደኅንነት ሥልጠና ሰበሰቡን። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ፎርክሊፍት ሣለና ከኋላው ሰው ጨመረበት። ሰውየውን ነጂው፣ ኦፕሬተሩ፣ አስቀምጦት ከሆነ የሥራ አደጋ ነው፣ ድርጅቱ ያሳክመዋል፤ በገዛ ፈቃዱ ከወጣ ግን ራሱን ይቻል አለ። የቶን ሐኪም ደግሞ ቀዶ ጥገናው እስከ ዓርብ ካልተደረገ እግሩ እንደሚቆረጥ ለሚስቴ ነግሯታል፤ የሚከፈለው ገንዘብ እኛ ዘንድ የለም። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ተነሣሁ። «የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አለቃችን ከፋይሉ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ትናንት ሆስፒታል ሄደው የተቀበሉት የቶን ቃል ነው። «ጋሼ አላየኝም። ማንም ሳይጠራኝ ነው የወጣሁት» ይላል። ከሥሩ ፈርሟል።

እኔ ሸጬዋለሁ፤ እሱ ግን የእህቱ ልጆች እንዳይራቡ ብሎ እግሩን ሰጠኝ።

«እሱ ከፈረመ አንተ ምን አገባህ?» አለ አለቃችን ቀስ ብሎ። «አርፈህ ተቀመጥ። የልጆችህን ጉሮሮ በገዛ እጅህ አትዝጋ።»

«ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው» አልኩት። «እግሩ ሳይቆረጥ ቃሌን ጻፉልኝ።»

አሠልጣኙ አለቃችንን አየው፤ አለቃችን መስኮቱን ያያል። የሚጽፍልኝ አልተገኘም። አጠገቤ ከተቀመጠው ኦፕሬተር እጅ እስክሪብቶ ነጠቅሁና፣ እያለቀስኩ፣ ቶን በፈረመበት ወረቀት ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።