ተሻገርን ለዓሣ የወሰድኩበት ቅዳሜ

መርዶ መንገር አውቃለሁ። ይኼ ጉራ አይደለም። ቶሮንቶ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ዘጠኝ ቤት መርዶ ተናግሬአለሁ፤ እድራችን ከሰብሳቢው ከጋሽ ወልደ ሚካኤል ቀጥሎ የሚያምነው ሰው እኔ ዋለልኝ ነኝ። ማን ይናገር፣ ማን በር ላይ ይቁም፣ ማን ልቡ ደካማ ነው፣ ማን ራሱን ይጥላልና ወገቡን ያዙት፣ ሁሉን አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኾ የኢሳያስን ስም ሳይ፣ ገና «ሃሎ» ሳልል ነገሩ ገባኝ። ገባኝ ብዬ ነው እንግዲህ።

ኢሳያስ የጓደኛዬ የተሻገር ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ከእናታቸው ከእትዬ አበራሽ ጋር ይኖራል። እኔ ጋ የሚደውለው በዓመት አንዴ ለእንቁጣጣሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ካለፈ ሳምንት አልፎታል። ድምፁ ተሰባብሯል። «ዋለልኝ፣ እማዬ በጣም ታማብናለች። ተሻገር ስልክ አያነሳም። እንደሚሆን አድርገህ አንተው ንገረው» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ለምን እደውላለሁ? እኛ ዘንድ «ሞተች» ብሎ በስልክ የሚናገር ማን አለ? የእኔ አባት የሞቱ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ትንሽ አሞአቸዋል» ስባል ከርሜ፣ አንድ እሁድ ንጋት ላይ አሥራ አራት ሰው በሬን አንኳኳ። ልጁን ዘለው ጓደኛው ጋ ከደወሉ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ደውሎ «ሞተች ወይ?» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ያዘነን ሰው እንደገና ማስለቀስ ነው። እንደዚያ ነው ያደግነው።

ለተሻገር ሚስት ለዓለምሸት ደወልኩ። ሻወር ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ቀጥዬ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጋ ደወልኩ። እሳቸው እንዳመላቸው ረጋ ብለው ነፍስ ይማር አሉና፣ ዛሬ ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ አይሆንም፣ ነገ እሁድ ንጋት ላይ ተሰብስበን እንሄዳለን፣ እስከዚያ ከፌስቡክም ከወሬኛም አንተ ጠብቀው አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ዓለምሸት ስልኩን ልትደብቅ፣ እኔ ሰውዬውን ከቤት ላወጣ ሥራ ተከፋፈልን። ተሻገር የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚተኛው። ከቻርጀሩ ነቅላ ጤፍ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው፤ የራሷንም አጠፋችው።

ተሻገርን ከቤት ማውጣት አያስቸግርም። መስከረም ሲጠባ ያብዳል። ሌላው ሰው ለደመራ ነጠላ ሲያሳጥብ እሱ የማጥመጃ ክር ይቀይራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ አስቦ፣ «ባሱ ዳር ወጥቷል፣ እንሂድ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ እኔ ወገቤን አመመኝ ስለው ነበር። ያን ጠዋት ከኖርዝ ዮርክ ነድቼ፣ ኢስት ዮርክ አፓርታማው ሥር ቆሜ «ውረድ፣ ደሴቱ እንሂድ» ስለው ማመን አቃተው። «ምን ነካህ? አንተ ዓሣ የምታውቀው በሎሚና በሚጥሚጣ አይደል?» አለኝ። ስልኩን ቤት ፈልጎ ስላጣው፣ ባለፈው መኪናህ ውስጥ ጣልኩት መሰለኝ ብሎ ወንበር ሥር ሁሉ ፈለገ። አብሬው ፈለግሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አብሬው አጎንብሼ ፈለግሁ።

የኔንም ስልክ ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። የእድር ሰው ሁሉ እየደወለ «ሰማህ ወይ?» ሊል ነው፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ። አይሆንም።

ሐይቁ መሀል ወዳለው ደሴት የሚያሻግረው ፌሪ ላይ ሰው አልበዛም፤ ንፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። ተሻገር የማባበያ ሳጥኑን ጭኑ ላይ ከፍቶ ትምህርት ጀመረ። በበጋ ባሱ በሣሩ ውስጥ ተበታትኖ ተኝቶ ይውላል፣ አሁን ግን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ትንንሾቹ ዓሣዎች ወደ ጥልቅ ያልሆነው ውሃ ይገባሉ፣ እሱ እነሱን ተከትሎ ይመጣል፤ ለዊንተር ስንቅ እየያዘ ስለሆነ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ያገኘውን ይበላል አለ። ስለዚህ ማባበያው ትንሽ ዓሣ መምሰል አለበት፤ ነጭ፣ ጣት የምታህል፣ ሁለት ብረቷ እየተሽከረከረ የሚያብለጨልጭ። የላስቲኩ ትል ደግሞ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ዓሣው ሲሰንፍ። ነገረኝ፣ ነገረኝ፣ እኔ «እህ» እላለሁ። በውስጤ ግን እትዬ አበራሽን አፈር አልብሼ ጨርሻለሁ። ነገ ይኼን ሰውዬ ማን ይይዘዋል የሚለውን ነው የማስበው። የእድሩ ዘርይሁን ጠንካራ ነው፣ ግን ቀድሞ ያለቅሳል።

ደሴቱ ውስጥ ለውስጥ በሚሄደው ውሃ ዳር፣ ዛፍ የወደቀበት ቦታ አለው፤ እዚያ ቆምን። ወርውር አለኝ፣ ወረወርኩ። ቡናማ የሆነው ሣር ሞቷል፣ እሱ ጋ ምንም የለም፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን ሣር ጠርዝ ጠርዙን ነው የምታስሰው አለኝ። ጎትት፣ ጎትት፣ ከዚያ ተው። ስትተወው ማባበያዋ ትሰምጣለች፤ ባሱ የሚመታው ያን ጊዜ ነው፣ ስትጎትት አይደለም። እኔ መተው አልሆነልኝም። እጄ ዝም ማለት እምቢ አለ።

«አንተ ምን ያቁነጠንጥሃል ዛሬ?» አለ።

ወገቤ ነው አልኩት።

አራት ሰዓት አካባቢ ሦስት ይዞ ሦስቱንም መልሶ ለቋል። ዓሣ አጥምዶ መልሶ የሚለቅ ሐበሻ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። እጁን በሱሪው ጠረገና ወደኔ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት እናቱ ጋ ይደውላል፤ ይኼን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሠርግ ላይ እንኳ ወጥቶ ይደውላል። ረስቼው ነበር። እኔ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ፣ ይኼን ረስቼው ነበር።

«ስልክህን ስጠኝማ፣ እማዬን ላናግራት» አለኝ።

ከሰጠሁት ከፈተው ማለት ነው፣ ደወለ ማለት ነው፣ ለቅሶ ቤቱ መሀል ደወለ ማለት ነው። ብቻውን፣ ውሃ ዳር፣ ዘመድ ሳይይዘው።

«ባትሪው አልቋል» አልኩት።

ግድ የለም፣ ቤት ስገባ እደውላለሁ፣ አርፍጄባት ትቆጣለች እንጂ አለ። ሰኞ ዕለት ሳል ይዟት እንደነበር፣ ዶክተሩ የሰጣትን ሽሮፕ ኢሳያስ በልመና እንደሚያጠጣት እየሳቀ ነገረኝ። አንጀቴን በላኝ። በዚያች ደቂቃ እንዲያውም በራሴ ኮርቻለሁ፤ ጎበዝ ዋለልኝ፣ አዳንከው ብያለሁ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሽንት ቤት ብዬ ከዛፎቹ ጀርባ ሄድኩ። የነገውን ነገር ከጋሽ ወልደ ሚካኤል ጋር ልጨርስ ነው። ስልኩን ሳወጣ ከኢሳያስ አሥራ ሰባት ሚስድ ኮል አለ። ሁለት ቮይስ ሜሴጅ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። «ዋለልኝ፣ ምነው አታነሱም? ተሻገርም ዓለምሸትም አያነሱም። እማዬ ነቅታለች፣ ሾርባ ቀምሳለች፣ ተሻገርን አገናኙኝ ትላለች። ዶክተሩ ቶሎ በሉ ብሏል።» የተላከው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለተኛው ኢሳያስ አይደለም። አንዲት ሴት ትተነፍሳለች፣ ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «ተሼ… ተሼ ነህ?» ትላለች። አራት ሰዓት ከአምስት።

ዛፉን ያዝኩ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ እኔ ምን እያልኩ ነበር?

ደወልኩ። ኢሳያስ ወዲያው አነሳው። ከጀርባው የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ማንም አያሳስተኝም።

«አሁን ነው ዋለልኝ» አለኝ። «ሩብ ሰዓት አይሆንም።»

ጠዋት የደወልክልኝ ጊዜ በሕይወት ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ እንደ ቂል። ነበረች እንጂ፣ ታማለች አልኩህ አይደል አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ስሙን ስትጠራ ውላለች፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ትል ነበር፣ በመጨረሻ እኔን ተሻገር እያለች አረፈች አለኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። እኔ ከዚህም የባሰ ነው ያደረግሁት።

«ዋለልኝ! የት ገባህ?» የተሻገር ድምፅ ነው። ዘወር ስል በዛፎቹ መሀል እየመጣ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ትልቅ ባስ ይዟል፣ አረንጓዴ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አፉን የሚከፍት። ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። «አምስት ኪሎ ይሆናል! ምን ያደርጋል ባትሪህ…» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አየ።

አየኝ። ስልኩን አየ። ከጆሮዬ ሳወርደው ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አየ።

ዓሣውን ሣሩ ላይ ጥሎት ስልኩን ከእጄ ወሰደው። እኔ አልከለከልኩትም። «ኢሳያስ? ምን ሆናችኋል? እማዬ ናት?» አለ።

እኔ አንድ ጆሮዬ ስለሚደነቁር የስልኬ ድምፅ ጎላ ያለ ነው፤ ሁሉን ሰማሁ። በዚያኛው ወገን በር ተዘጋ፣ የሴቶቹ ድምፅ ራቀ። ኢሳያስም እንደኛ ነው ያደገው። ወንድሙን በስልክ፣ ባሕር ማዶ፣ ብቻውን ውሃ ዳር ቆሞ ሊገድለው አልቻለም።

«ደክማለች» አለው። «መናገር አትችልም። ትሰማለች ግን። ጆሮዋ ላይ ላድርግልህ።»

ልጮኽ ፈለግሁ። ምን ብዬ? «ተው፣ ሞታለች»? ወይስ «አውራት»? ዓሣው ሣሩ ላይ ይንፈራገጣል። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ አንስቼ ወደ ውሃው ወሰድኩት፤ በሁለት እጄ ይዤ ውሃ ውስጥ አቆምኩት፣ እሱ እንዳስተማረኝ፣ እስኪተነፍስ። ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ተሼ ነኝ። ዛሬ አረፈድኩብሽ፣ ስልኬን ጣልኩት። ይቅር በይኝ። ሽሮፑን ጠጥተሻል? ኢሳያስን አታስቸግሪው እንጂ። እመጣለሁ፣ እሺ? ለገና አልጠብቅም፣ አሁን እመጣለሁ። ልጆቹ ይስሙሻል።» አዳመጠ። ከዚያ ሣሩ ላይ ሲንበረከክ ሰማሁት። «መርቂኝ እማዬ። በልብሽ መርቂኝ፣ ይሰማኛል።»

ዝም አለ።

«አሜን» አለ። ቆይቶ ደግሞ «አሜን። አሜን እማዬ።»

ዓሣው ከእጄ አመለጠኝ፣ ውሃውን ረጭቶብኝ ገባ። እኔ እጄን ውሃ ውስጥ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እጄ እስኪደነዝዝ።

ተሻገር ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን አልተሰበረም። ኢሳያስ ድምፅህን ስትሰማ እንባዋ ወረደ ብሎታል። ያ ነው ያቆመው። ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ፤ ማባበያዎቹን አንድ በአንድ እያደረቀ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ። እኔ ዘንጎቹን አጣጥፌ ያዝኩ። አሁን ብነግረው ከናቱ ጋር ያወራትን ያቺን አምስት ደቂቃ ልነጥቀው ነው። ባልነግረው ደግሞ ነገ ሰዓቱን ይጠይቃል። ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ማን ነበረ፣ ምን አለች። ሰባት ሰዓት ደምሮ ቀንሶ ይደርስበታል።

ፌሪው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ባትሪው አልቋል ያልከኝ ላለማስደንገጥ ነው፣ አይደል? ገብቶኛል» አለ። «እንዲያው ግን እንኳን ደወልክ። ስንቱ ሰው ድምፅ ሳይሰማ ቀርቷል እዚህ አገር። አንተ በሰዓቱ አገናኘኸኝ። ይኼን ውለታህን አልረሳውም።»

ማዶ የከተማው ፎቅ እየቀረበ ነው።

«ነገ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለኝ። «በጠዋት ናልኝ። በጣም በጠዋት።»

«እመጣለሁ» አልኩት።