የጠንካራ የይለፍ ቃል ውድድር

ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ደህንነት ሳምንት ሲያከብር እንደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሽር ጉድ ያለ ሰው የለም። ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ ሰርኩላር» ይሏቸዋል፤ ሰውዬው ጉንፋን ቢይዛቸው እንኳ በሰርኩላር ሳያሳውቁ አያስሉም። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይኩን ጨብጠው ስድስት መመሪያ አነበቡ። ሦስተኛው «የይለፍ ቃላችሁን ለማንም፣ ለወላጅም ቢሆን፣ አትስጡ» ይላል። ጥሩ፤ ማን ይቃወማል? ማክሰኞ ደግሞ በየክፍሉ ወረቀት በተኑ። ከላይ «የጠንካራ የይለፍ ቃል ውድድር» የሚል ርዕስ አለው፤ ከሥሩ ስም፣ ክፍል፣ የአካውንት ስም፣ የይለፍ ቃል። ከአስር ይታረማል፤ ነጥቡም በኮምፒውተር ትምህርት ማርክ ላይ ይደመራል።

ኧረ በስመአብ! ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ምን በልቶ ያደረ ነው? ደግሞ ከሦስት መቶ ተማሪ ውስጥ «እንዴ፣ ትናንት ምን አልነበር ያሉት?» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ማርክ ነዋ! ሁሉም አቀርቅሮ ሞላ። እንዲያውም አንዳንዱ ጎረቤቱ እንዳይኮርጀው ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ ነበር የሚጽፈው።

አንዲት ልጅ ብቻ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የሰዓት ሠሪው ልጅ። ነገር በሆዷ የሚባል ዓይነት፣ ዝም ያለች። ስልኳ ውስጥ የምትሳሳለት አንድ ነገር አለ፤ የታላቅ እህቷ መልእክቶች። እህትየው ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታ ከቤት ወጥታለች። ሰዓት ሠሪው «ከእንግዲህ ስሟ እዚህ ቤት እንዳይነሳ!» ብሎ ምሏል። የት እንደምትኖርና ማርገዟን የምታውቀው ይህችው ትንሿ ብቻ ናት። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ካወጣሽው አልጽፍልሽም» ተብላለች። እህቷን ሁለተኛ ጊዜ ልታጣት አትፈልግም።

ስለዚህ ባዶው ቦታ ላይ «የይለፍ ቃል ለማንም አይሰጥም፤ መመሪያ ቁጥር ሦስት» ብላ ጻፈችና መለሰች። ጋሽ ሰርኩላር በቀይ አሰመሩበት። «ጥያቄውን አልመለስሽም። ዜሮ።»

ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ነጥቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ! «ለግልጽነት ሲባል» ከነይለፍ ቃሉ ነው። ስምንት ገጽ፣ በየገጹ ማኅተም የተመታበት። አንደኛ የወጡት ለአርአያነት የተወዳደሩት ራሳቸው ጋሽ ሰርኩላር ናቸው፤ አስር ከአስር። ያረሙትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ከምሳ በፊት የዘጠነኛ «ሀ» አንደኛ ተማሪ አካውንት ለሦስት ልጃገረዶች አንድ ዓይነት የፍቅር ደብዳቤ ላከ፤ ልጁ ግን በዚያ ሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። የሥነ ምግባር ክበብ ሊቀመንበሯ ክበቡ የገባችው ከክፍል ለመቅረት መሆኑን በገዛ ገጿ «አመነች»። የጋሽ ሰርኩላር ገጽ ላይ ደግሞ ስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው ያንቀላፉበት ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ መመሪያ ቁጥር አንድ ተጽፎበታል፦ «ሁልጊዜ ንቁ እንሁን።»

ጋሽ ሰርኩላር ቱግ አሉ። ዝርዝሩን አነሱት? ኧረ የት አባቱ! ማስረጃ ነው ብለው ዘበኛ አቆሙለት። ከዚያ ቢሮ ዘግተው ስም በስም ሲያጣሩ ዋሉ፤ ያልተነካ አካውንት ያላት አንዲት ተማሪ ብቻ ሆነች። «ያዝኳት!» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ ነረቱት።

አርብ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ተጠርቶ መጣ። ከልጁ ጎን ቁጭ አለ።

«የሁሉም ሲበረበር የእሷ ብቻ እንዴት ደህና ይሆናል? እስቲ ይመልሱልኝ!» አሉት ጋሽ ሰርኩላር።

«የእኔ እኮ አልተለጠፈም፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ።

«ለምን አልተለጠፈም?»

«ስላልጻፍኩት።»

«ሰሙ አይደል? አስቀድማ ታውቅ ነበር ማለት ነው!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ንጹሕ ከሆንሽ ስልክሽን አባትሽ ፊት ክፈቺ። አለዚያ ጥፋተኛ ነሽ፤ ሁለት ሳምንት ትታገጃለሽ፣ ፋይልሽ ላይም ይሰፍራል።»

ልጅቷ ስልኳን አጥብቃ ያዘች። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እህቷ ጠዋት የላከችው የሆዷ ፎቶ ነው። አባቷን አየችው፤ እሱ ወለሉን ያያል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ሁሉንም።»

ጋሽ ሰርኩላር ፊታቸው በራ። የእገዳውን ደብዳቤ ጻፉ፣ ማኅተሙን መቱ፣ ለአባትየው ሰጡት። አባትና ልጅ ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ሰርኩላር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ስልክ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉ።

«እ... መቼም አንቺው ነሽ የለጠፍሽው፤ ያን ፎቶ አንሺልኝማ። እኔ እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅበትም።»

ልጅቷ ፎቶውን አጠፋችላቸው። «የይለፍ ቃልዎን ደግሞ ይቀይሩ፣ ቲቸር።»

«ወደ ምን ልቀይረው? አንቺው ምረጪልኝና—»

«ለእኔ አይንገሩኝ!» አለች ደንግጣ።

አባትና ልጅ ከግቢው ወጥተው እስከ መስቀለኛው መንገድ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው ቆመ።

«አንቺ አይደለሽም» አለ። «ስልክሽን የደበቅሽው ከእኔ ነው።»

ቆሌዋ ተገፈፈ። ስትጠብቅ የኖረችው ቁጣ ግን አልመጣም።

«ደህና ናት?» አላት ቀስ ብሎ።

«ደህና ናት፣ አባዬ።»

«የት ነው ያለችው? ልጅ ወልዳለች?»

ልትነግረው አፏ ላይ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ከአፉ ስትናፍቅ ነበር፤ አሁን ብትነግረው በደስታ እንደሚያለቅስ አውቃለች። እሷም አብራው ማልቀስ አማራት።

«እሱ የእሷ ነገር ነው፣ አባዬ» አለችው። «እሷን ሳልጠይቅ አልነግርህም።»

ሰዓት ሠሪው ሊቆጣ ቃጣውና ተወው። የእገዳውን ደብዳቤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው ጠይቂያታ» አለ። «አባባ ነው የጠየቀው በያት። እምቢ ካለችም... እምቢ ብላለች በዪኝ።»

ልጅቷ አጥሩን ተደግፋ ስልኳን አወጣች። የይለፍ ቃሏን መጻፍ ስትጀምር አባቷ ማንም ሳይነግረው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።