ቋጣሪውና ጠምጣሚዋ

ዴላ ሀስኬል ቴክሳስ ያበቀለው ሰው ሁሉ ወሬኛ ነው ብላ ታምን ነበር፤ ራንስ ቱሊም ይህን ለማስተባበል አንድ ቀን እንኳ ሞክሮ አያውቅም። የአባቷን ከብቶች ሊነዳ ኔቫዳ ከመጣ ሰባት ወሩ ነው፤ ለፈረሱም፣ ለጥጃውም፣ ለአጥሩ እንጨት ሳይቀር ያወራል። ከእሷ አፍ ግን ቃል የሚወጣው እንደ መንጋጋ ጥርስ በግድ ተነቅሎ ነው። ያም ሆኖ ዴላ ሰውየውን ወደደችው። በዚህም ራሷን ክፉኛ ታዘበች።

ያላስማማቸው ገመድ ነው። ራንስ እንደ አገሩ ልጆች የገመዱን ጫፍ ከኮርቻው ፊት ብቅ ባለው ጉጥ ላይ ጥርቅም አድርጎ ይቋጥራል። የእሷ ሰዎች አይቋጥሩም። ሸምቀቆው ከብቱን ከያዘ በኋላ ገመዱን ጉጡ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጥሙና ጫፉን በእጃቸው ይይዛሉ፤ ነገር ከከፋ ይለቁታል። አጎቷ ኦሪን አንድ ጊዜ ቋጥሮ ነበር። ቤት ያመጡት በሳንቃ ላይ አጋድመው ነው።

«እዚህ መሬት ላይ ማንም አይቋጥርም» አለችው ያን ዕለት ጠዋት ኮርቻ ሲጭኑ።

«እመቤቴ፣ ሊለቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ለምን ይይዛል?»

«በእግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ ለመሄድ።»

«ገባኝ። ላግባሽ ብዬሽ ከትናንት ጀምሮ ዝም ያልሽው ለካ ለዚህ ነው። ስንት ዙር እንደምትጠመጥሚኝ እያሰብሽ ነው።»

«አፍህን ዝጋና ገመድህን ፍታ።»

እየሳቀ ፈታው። ሲፈታ አየችው፤ ዘወር ስትል መልሶ ሲቋጥረው ግን አላየችም።

የሚፈልጉት ሦስት ዓመት ተራራ ላይ የሸፈተ ኮርማ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ገደሉ አፋፍ አገኙት። ራንስ ቡላ ፈረሱን ኮልኩሎ ሸምቀቆውን ወረወረ፤ አልሳተም። ኮርማው ግን ወደ ሜዳው በመሸሽ ፈንታ ወደ ገደሉ ዞረ፤ አፋፉ ከእግሩ ስር ተናደና ኮርማው ቁልቁል ወረደ።

ቋጠሮውን ያየችው ያኔ ነው። ቡላው በጎኑ ወደቀ፤ የራንስ እግር ከስሩ ቀረ። ኮርማው ከታች ተንጠልጥሎ እያጓራ ሁለቱንም ወደ አፋፉ ይጎትታቸዋል። አሥር እርምጃ አይቀራቸውም።

«ቁረጠው!» ጮኸች።

«ቢላዋው ፈረሱ በተጫነው ኪሴ ውስጥ ነው!»

ገመዷን ወረወረች። ሸምቀቆው የቡላውን የፊት እግሮች ያዘ። ሁለት ዙር ጠመጠመች፤ ዳማ ፈረሷ ወደ ኋላ ተለጠጠ። መንሸራተቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አሁን የእሷም ፈረስ ኮቴው ጠጠሩን እያረሰ ወደ ገደሉ ይሄድ ጀመር። ገመዱ ጉጡ ላይ ጨሰ፣ መዳፏን ላጠው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የተማረችው ሁሉ ልቀቂ፣ ልቀቂ ይላታል። ፈራች። ኦሪን ትዝ አላት። ጣቶቿ ተከፈቱ።

ራንስ አየ። ለምን አልጮኸም? ያ ወሬኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ዝም ብሎ አያት ብቻ።

አመለጠ ያለችውን ገመድ አፈፍ አድርጋ ሦስተኛውን ዙር ጨመረች። በእሷ አገር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ስትጠመጥሚ አውራ ጣትሽን ወደ ላይ። ዴላ በጥድፊያ ረሳችው። ገመዱ ጣቷን ከጉጡ ጋር ነከሰና ቆመ።

ዓለም ነጭ ሆነባት። ፈረሷ ግን ጸና፤ ቡላውም መንሸራተቱን አቆመ። ራንስ ተወራጭቶ ከኪሱ ቢላዋውን አወጣ፣ ኮርማውን የያዘውን ገመድ ቆረጠው። ኮርማው ከታች ሲያርፍ ድምፁ ዘግይቶ ተሰማ።

ኤልኮ ከተማ ያለው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ራንስ ባበጠ እግሩ ይነዳል፤ የዴላ እጅ በአንገት ልብሱ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። አውራ ጣቷ የለም።

«እናንተ የምትጠመጥሙት ልትለቁ አይደል?» አለ ራንስ። «ለምን አልለቀቅሽኝም?»

ዝም ብትል ታሪኩ ያምርላት ነበር። ውሸት ግን አይሆንላትም።

«ለቅቄህ ነበር» አለች። «እጄ ተከፍቶ ነበር፣ ራንስ። ጣቴ የገባው መልሼ ስይዝህ ነው።»

ራንስ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ።

«እኔ ደግሞ ፊትሽ ፈትቼ፣ ዘወር ስትይ መልሼ ቋጠርኩት» አለ። «የትናንቱን ጥያቄ ትቼዋለሁ። ጣት አሳጥቼሽ መልስ አልጠይቅሽም።»

«አንተ ጥያቄውን ብትተወውም እኔ መልሱን አልተውኩትም» አለች ዴላ ጥርሷን ነክሳ። «እሺ ነው። አሁን ንዳ፤ አሞኛል።»