ሁለቴ ያልተሰማ ኑዛዜ

ዲቦራ የድምፅ ማጫወቻውን አጥፍታ እንደገና ከፈተችና የሟቹን ድምፅ ለአራተኛ ጊዜ አዳመጠች።

"የላይኛው ማሳ ለተረፈ" አሉ አቶ ኢሳይያስ ትንፋሽ እያጠራቸው። "የታችኛው ከነቤቱ ለንጋቷ።"

አሁን ድምፁ የተቋረጠው መጨረሻው ላይ፣ ምርቃቱ መሃል ነው። ቀደም ሲል ሰላምታው ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ ሸዋ ቤንች ወረዳ ሦስት ሽማግሌዎች ኑዛዜውን ለመስማት በተሰበሰቡበት፣ የጠፋው የንጋቷ ስም ነበር።

ችግሩ ለዲቦራ እንግዳ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ቴፒ ግቢ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ የጥገና ሱቅ ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው። የማጫወቻው ቺፕ ድምፁን ከማስታወሻ ካርዱ ላይ በትንንሽ ቁራጭ እያነሳ ጥቂቱን በጊዜያዊ ማቆያው ያጠራቅምና በሰከንድ ሃምሳ ቁራጭ ያጫውታል። ካርዱ ሲዘገይ ማቆያው ባዶ ይሆናል። ቺፑ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ሰዓቱ ያለፈበትን ቁራጭ ጥሎ በዝምታ ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ሃያ አምስት ቁራጭ ይበላል፤ አንድ ስም ለመዋጥ ይበቃል። ርካሽ ካርድ ደግሞ መቼና የት እንደሚዘገይ አይታወቅም።

"ተቆርጧል አይደል?" አላት የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ ተረፈ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ።

"አልተቆረጠም ጋሽ ተረፈ። ቢቆረጥማ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚጎድለው። ይኸው የእህትዎን ስም ሰምተውታል።"

ተረፈ ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሰሙም።"

ያን ቀን ዝምታው እንደመጣ ብድግ ብሎ፣ በማጫወቻው ድምፁን የቀዳችው ንጋቷ ስለሆነች እዚያ ቦታ የነበረውን የእሱን ስም ቆርጣ ያወጣችው እሷ ናት ብሎ ምሎ ነበር። ቤተሰቡ እያለቀሰ ስለነበር እንደገና ክፈቱት ለማለት የደፈረ የለም። ወደ ስልክ ይገልበጥ ቢባልም ሽማግሌዎቹ ስልክ የሌለ ነገር ይፈጥራል ብለው እንቢ አሉ። የሟቹ ቃል የገባበት ዕቃ ራሱ ይመስክር ብለው የካርዱን በር በፕላስተር አሽገው፣ ሦስቱም ፈርመውበት ለባለሙያ ላኩት። መቆረጡ ከተረጋገጠ የታችኛው ማሳ ለታላቁ ልጅ ይሆናል። አባቷን ሁለት ዓመት ያስታመመችው ንጋቷም ከቤቱ ትወጣለች።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ምንም። ዛሬ ከሰዓት 'ተቆርጧል' በያቸው፣ አለቀ። ካርዱን እቀይራለሁ እንዳትዪ፤ ፕላስተሩ ከተነሳ ተነካክቷል ነው የምለው።" ፈገግ አለ። "ከማሳው የመጀመሪያው ለቀማ፣ ሁለት ኩንታል ቀይ ቡና ላንቺ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ቃሌ ነው።"

ዲቦራ ምራቋ መረራት። ይህ ሰው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን ጨፍኖ ስለ መበለቶች ሲጸልይ፣ ከኋላው ወንበር ሆና ስንት ጊዜ አሜን ብላለች። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ሲባል የምትሰማው ሰው ይኸው ባንኮኒዋን ተደግፏል። ንጋቷ በዚያ ቤት ለሁለት ዓመት የታመመ አባቷን ልብስ ስታጥብ እሱ በዓል ሲደርስ ብቻ ነበር ብቅ የሚለው።

"እሺ፣ አልነካውም" አለች።

ተረፈ የተስማማች መስሎት እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። ዲቦራ ቦርድ የምትጠርግበትን አልኮል ጥጥ ላይ አፍስሳ መዳፏን ጠረገች። አንዴ አልበቃትም፤ ደገመችው።

ከሰዓት በኋላ ሸዋ ቤንች፣ በንጋቷ ግቢ ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከተረፈና ከንጋቷ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

"እሺ ልጄ፣ ምን አገኘሽ?" አሏት ትልቁ ሽማግሌ አቶ ማቴዎስ።

"እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ስሙት አባባ። ደጋግማችሁ።"

"በሞተ ሰው ድምፅ መጫወት ነውር ነው" አለ ተረፈ።

"ነውሩስ ሳይሰሙ መፍረድ ነው" አለችና ፈቃድ ሳትጠብቅ ቁልፉን ተጫነችው።

ሰላምታው ላይ ተቋረጠ፤ ቀጠለ። "የላይኛው ማሳ ለተረፈ። የታችኛው ከነቤቱ ለንጋቷ።" ንጋቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ሱቋ ውስጥ ቀይራው ነው!" ተረፈ ተነሳ።

አቶ ማቴዎስ ማጫወቻውን ተቀብለው ፕላስተሩን በጣታቸው ዳሰሱ፣ የሦስቱንም ፊርማ አዩ። "እሽጉ እንዳለ ነው። ድገሚው ልጄ።"

ደገመችው። ሰላምታው በደህና አለፈ። "የላይኛው ማሳ ለ..." ከዚያ ዝም አለ። ዶሮ ሲጭር ይሰማ ነበር። "...የታችኛው ከነቤቱ ለንጋቷ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ማቴዎስ ቀስ ብለው ወደ ተረፈ ዞሩ።

"ያንተን ስም ደግሞ ማን ቆረጠው?"

ተረፈ ወደ ዲቦራ ዞረ። "እንደገና... አንዴ ብቻ እንደገና ክፈቺው፣ ዲቦራዬ።"

ዲቦራ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ለዚህ ሰው ስትል አንድ ጣቷን ማንቀሳቀስ ቀፈፋት። ማጫወቻውን አንስታ ንጋቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ ንጋቷ፣ ቁልፉ ይኸውልዎ። እንደ ፈቃድዎ።"

ንጋቷ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ወንድሟን አየችው። ከዚያ የእሱም ስም እንዲሰማ ቁልፉን ተጫነችው።